ቆጣሪውን ልጅዎ ያንብበው

ማታ ነው፤ እራት ሊቀርብ ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጅዎ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጥቶ «እማዬ፣ ቆጣሪያችን የት ነው? የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነው» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? ብዙዎቻችን «ምን ያደርግልሃል? ይልቅ እጅህን ታጠብና ና» እንል ይሆናል። በቤታችን ቆጣሪ የሚታወሰው ካርዱ አልቆ ቤቱ ድንገት ሲጨልም ነው። ይህ የቤት ሥራ ግን ከልጁ አልፎ መላውን ቤተሰብ የሚጠቅም ነው።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ የመጨረሻው ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ወደ ላይኛው እርከን በወጡ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስለዚህ ትንሽ ቁጠባ እንኳ ከእርከን ወደ እርከን እንዳይሻገሩ ሊረዳዎት ይችላል።

አምፖሉ ወይስ ምጣዱ?

ልጆች ስለ ቁጠባ በመጀመሪያ የሚማሩት «ከክፍል ስትወጡ መብራት አጥፉ» የሚለውን ነው። ጥሩ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ እርሳስ ይዞ ሲያሰላ ሌላ ነገር ያገኛል።

ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ የሚወስደው 0.045 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ሳያቋርጥ 2 ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ያን አምፖል ለ155 ምሽቶች ያበራል! የውሃ ማሞቂያም አለ። 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ከዋለ፣ ማንም ያልታጠበበት ውሃ እየቀዘቀዘ እንደገና ይሞቃል።

እንግዲህ ልጅዎን «መብራት አጥፋ» እያሉ ሲቆጡ ቆይተው ከሆነ፣ ትልቁ ወጪ ያለው ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንደሆነ ከእሱ ሊሰሙ ይችላሉ።

ልጆች ቤተሰብን ሲያስተምሩ

በጀርመን የሐምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 «ፊፍቲ ፊፍቲ» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ተማሪዎችና መምህራን በትምህርት ቤታቸው ኃይል ሲቆጥቡ ከተገኘው ገንዘብ ግማሹ ለትምህርት ቤቱ፣ ግማሹ ለከተማው ይሆናል። ሐሳቡ ኋላ ላይ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተዛምቷል። ልጆቹ የቆጠቡት ገንዘብ ለራሳቸው ትምህርት ቤት ሲውል ስለሚያዩ ትምህርቱ ምክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያም ተመራማሪዎች በገርል ስካውት ቡድኖች ውስጥ ያሉ ታዳጊ ልጃገረዶችን ስለ ቤት ውስጥ ኃይል ቁጠባ አሠልጥነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ልጆቹ ልማዳቸውን ቀይረዋል፤ ለውጡም ከሰባት ወር በኋላ ጨርሶ አልጠፋም። ወላጆቻቸውም በመጠኑ ተለውጠዋል።

የአንድ ሳምንት የቤት ሥራ

የልጅዎ ትምህርት ቤት እስኪጀምረው መጠበቅ አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት ከልጅዎ ጋር ይሞክሩት።

• በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጠቅላላ የተጠቀማችሁትን ኪሎዋት ሰዓት የሚያሳየውን ቁጥር ይመዝግብ። ከዛሬው ላይ የትናንቱን ሲቀንስ የዕለቱን ፍጆታ ያገኛል። ቆጣሪውን ከመክፈትና ሽቦ ከመንካት ግን ፈጽሞ ይከልክሉት።

• ከቁጥሩ አጠገብ በዕለቱ የተሠራውን ይጻፍ፦ እንጀራ ተጋገረ፣ ልብስ ተተኮሰ፣ ውሃ ማሞቂያ በራ።

• ተከራይተው ቆጣሪውን ከሌሎች ጋር የሚጋሩ ከሆነ በየዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት አይቶ በሰዓት ያባዛ።

• በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥና በሚቀጥለው ሳምንት ይሞክረው።

ከምን ይጀምሩ? ሊጡ ከፈቀደ ሁለት ጊዜ ከመጋገር በአንድ ጊዜ መጨረስ ይሻላል፤ ቀዝቃዛ ምጣድ እንደ አዲስ ማጋል ኃይል ይበላል። የመጨረሻዋን እንጀራ አጥፍቶ በተረፈው ግለት ማብሰልም ይቻላል። ውሃ ማሞቂያውን ከመታጠብዎ በፊት አብርተው ሲጨርሱ ያጥፉት። ሽምብራና ባቄላ ዘፍዝፎ ማሳደር ስቶቭ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያሳጥራል። የፍሪጁን በር ደግሞ በወረቀት ይፈትሹ፤ የተዘጋበት ወረቀት ሲሳብ በቀላሉ ከወጣ ጎማው ላልቷል ማለት ነው።

ልጁ ተቆጣጣሪ አይሁን

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምጣዱ ብዙ እንደሚፈጅ ያወቀ ልጅ እየሮጠ የምትጋግረዋን የቤት ሠራተኛ ሊወቅስ ይችላል። ይህ እንዲሆን አይፍቀዱ። እንጀራውን የምንበላው ሁላችንም ነን፤ ስለ ምጣዱ ጠባይም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ልጁ በአክብሮት ቀርቦ «ለመጋል ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?» ብሎ ይጠይቃት። በሳምንቱ መጨረሻ ስትነጋገሩም እሷም ትኑር።

ሁለተኛው ከእኛ ከወላጆች የሚጠበቅ ነው። ልጁ «አባዬ፣ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው በርቶ አመሸ» ሲል «አንተ ደግሞ ታላቅህን ታርማለህ?» ብለን ካሳፈርነው ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። ጨዋነትን ማስተማር ተገቢ ነው፤ እውነት ሲናገር መስማትም እንዲሁ።

«ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ እያለ ምን ያስቆጥበናል?» የሚሉ ይኖራሉ። የግድቡ ኃይል ቤታችን የሚደርሰው በሰፈራችን መስመርና ትራንስፎርመር በኩል ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ምሽት ምጣድ ሲጥድ ጫናው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ደግሞም መብራት ገና ያልደረሳቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አሉ።

በሚቀጥለው የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ እጅዎን ያውጡና የሳይንስ ወይም የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ የቆጣሪ ንባብን የቤት ሥራ እንዲያደርገው ይጠይቁ። ሒሳቡም ፊዚክሱም በውስጡ አለ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ልጅዎ «ቆጣሪያችን የት ነው?» ካለዎት እጁን ይዘው ያሳዩት።