ልጅና የቡና ሲኒ

(ለአዲስ አንባቢዎች በራዲዮ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስላለ ነገር ነው፤ ስለ ቡና። ይሁን እንጂ እኛ ትልልቆቹ ስለምንጠጣው አይደለም። ለልጆቻችን ስለምናቀምሰው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በማስተምርበት ክፍል አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ጧት ጧት ዴስኩ ላይ ድፍት ብሎ ያንቀላፋል። እኔም «ሰነፍ!» አልኩት። በጓደኞቹ ፊት አስቆምኩት። በኋላ እናቱን አስጠራሁ።

«ኧረ መምህር፣ ማታ እንቅልፍ የሚባል አይወስደውም። ሲገላበጥ ነው የሚያነጋው» አሉኝ።

«ማታ ምን ይጠጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያው እንደኛው ነው። ቡና ሲፈላ ቶናውንም በረካውንም ስኳር አድርጌ እሰጠዋለሁ። ጎረቤት የሚጠራልኝ እሱ አይደል? እንዴት ልከልክለው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነበር።

በቡና ውስጥ ካፌይን የሚባል ነገር አለ። ቃሉ አዲስ ነውና አብረን እናንብበው፦ ካ - ፌ - ይ - ን፤ ካፌይን። ይህን ነገር ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1819 ነበር። ካፌይን በሻይ ውስጥም አለ። በኮካ ኮላና በፔፕሲ ውስጥም አለ። «ኃይል ሰጪ» እየተባሉ በቆርቆሮ የሚሸጡት መጠጦችም ብዙ ካፌይን አላቸው።

ካፌይን ሥራው ምንድን ነው? ቀኑን ስንደክም ስንሠራ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል። እሱ እንደ መልእክተኛ ነው። «ደክሞሃልና ተኛ» ይላል። ካፌይን ግን ቀድሞ ሄዶ በሩን ይይዝበታል። መልእክተኛው መግቢያ ያጣል። ስለዚህ የደከመው ሰው ያልደከመው ይመስለዋል። ልብ በሉ! ካፌይን ድካሙን አላጠፋውም። ወሬው እንዳይደርስ ከለከለ እንጂ።

ታዲያ ለእኛ ያልከበደን ለልጅ ለምን ይከብዳል? የልጅ ሰውነት ትንሽ ስለሆነ ነው። አንድ ሲኒ ቡና ለአባትና ለልጅ እኩል ቢቀዳም፣ በልጁ ሰውነት ውስጥ ይበረታል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ያወጣው ልክ አለ። ለልጅ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ3 ሚሊ ግራም ካፌይን መብለጥ የለበትም ይላል። እንግዲህ እናስላው። ልጁ 20 ኪሎ ቢመዝን፣ 3 በ20 ሲባዛ 60 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና ግን እንደ አፈላሉ 90 ሚሊ ግራም ያህል ሊኖረው ይችላል። ሲኒ ከኩባያ ማነሱ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ሦስት ሲኒ ሲደጋገም፣ በላዩም ሻይና ኮላ ሲጨመር፣ ከልኩ ማለፉ አይቀርም።

ልኩ ያለፈበት ልጅ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ይቁነጠነጣል፣ ይነጫነጫል፣ ሆዱን ያመዋል። ከሁሉ የባሰው ግን እንቅልፍ ማጣቱ ነው። ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት የጠጣ ልጅ፣ እኩለ ሌሊትም ላይ ግማሹ በደሙ ውስጥ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ጧት የምናስተምረው ማታ በእንቅልፍ ነው አእምሮው ውስጥ የሚጸናው።

ሌላም ጉዳት አለ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ፣ በጤፍ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ብረት ሲጎድል የደም ማነስ ይመጣል። ልጁ ይገረጣል፣ ቶሎ ይደክመዋል።

«ቡና የልጅ ቁመት ያሳጥራል» የሚባለውስ? ይህ አልተረጋገጠም። ያልተረጋገጠውን ትተን የተረጋገጠውን እንያዝ።

የሚያጠቡ እናቶችም ይስሙ። ካፌይን በጡት ወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል። አራስ ሕፃን ግማሹን ለማስወጣት እንኳ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ በማጥባት ወራት ቡናውን ቀነስ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቡናችንን እንተው ማለቴ አይደለም። ልጁም ከጀበናው ዙሪያ አይባረር። ጎረቤት ይጥራ፣ ረከቦቱን ያቅርብ፣ ጨዋታውን ይስማ። ሲኒው ላይ ግን ወተት፣ ካልተገኘም ንጹሕ ውኃ ይቀዳለት። ከቡና ቁርሱ ቆሎውንና ዳቦውን ይቋደስ። የለመደ ልጅ ከሆነ በአንድ ቀን አትከልክሉት፤ ራሱን ሊያመው ይችላል። ያ ሐራራው ነው። «ራሱን አመመው» ብላችሁ ሌላ ቡና አትስጡት። በመጀመሪያ የማታውን አስቀሩ፤ ከዚያ የቀኑን ጥቂት በጥቂት ቀንሱ።

የዚያ ልጅ እናት እንዲህ አደረጉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ ጧት እጁን እያወጣ ይመልስልኝ ጀመር። እኔም በጓደኞቹ ፊት የሰደብኩትን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።

አሁን እናንተ ተራችሁ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች አንብባችሁ ተወያዩባቸው።

1. ካፌይን በየትኞቹ መጠጦች ውስጥ ይገኛል?
2. ካፌይን ድካምን ያጠፋልን?
3. በእናንተ ቤት ልጆች ማታ ምን ይጠጣሉ?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ለማያነብ ጎረቤታችሁም አንብቡለት። ደኅና እደሩ!