የገበሬ መዳፍና የካራቴ ክንድ፦ ሰውነት እንዴት ይጠነክራል?

የካራቴ ፊልም አይታችሁ ስትወጡ ያገኛችሁትን የባሕር ዛፍ ግንድ በቡጢ መትታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ሞክረነዋል። ውጤቱም አንድ ነው፤ ግንዱ ምንም አይሆንም፣ እጃችን ግን ያብጣል። ታዲያ እነዚያ ክንዳቸው እንደ እንጨት የጠነከረ ስፖርተኞች እዚያ የደረሱት እንዴት ነው? ግድግዳ እየደበደቡ? መልሱን ለማግኘት እንደ ሾቶካን ስሙ ያልገነነውን፣ ሰውነትን በማጠንከር ግን የሚታወቀውን ኡዌቺ-ርዩ የተባለ የካራቴ ስልት እንመልከት።

ግማሹ ጠንካራ፣ ግማሹ ለስላሳ

ስልቱ የተሰየመው በመሥራቹ በካንቡን ኡዌቺ (1877–1948 እ.ኤ.አ.) ነው። ካንቡን የኦኪናዋ ደሴት ሰው ሲሆን በ1897 ወደ ደቡብ ቻይና፣ ወደ ፉጆ ከተማ ሄዶ ለዓመታት ተማረ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳያስተምር ቆየ፤ ማስተማር የጀመረው ለሥራ ወደ ጃፓኗ ዋካያማ ከሄደ በኋላ ነው። ስልቱ መጀመሪያ ፓንጋይኑን ይባል ነበር፤ «ግማሹ ጠንካራ፣ ግማሹ ለስላሳ» እንደማለት ነው። የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1940 ነው።

የማረሻው ምሥጢር

ማረሻ ጫፉ ለምን ሹል ሆነ? የበሬዎቹ ጉልበት ያው ነው፤ ነገር ግን ጉልበቱ በትንሽ ቦታ ላይ ሲያርፍ መሬቱን ይሰነጥቃል። በፊዚክስ ይህ ግፊት ይባላል፤ ኃይልን ለስፋት ስናካፍል የምናገኘው ነው።

የኡዌቺ-ርዩ ምቶች ይህንኑ ሕግ ይጠቀማሉ። ሾኬን የሚባለው ምት የሌባ ጣትን መገጣጠሚያ ወደ ፊት አውጥቶ በእሱ ብቻ መምታት ነው። ኑኪቴ ደግሞ በተዘረጉ ጣቶች ጫፍ መውጋት ነው። ሌሎች ስልቶች አብዛኛውን ጊዜ በእግር መዳፍ ፊት ሲረግጡ፣ እዚህ ሶኩሴን በሚባለው ምት በአውራ ጣት ጫፍ ይረገጣል።

እስቲ እናስላው። የምቱ ኃይል 400 ኒውተን ነው እንበል። በ8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ካረፈ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 50 ኒውተን ይደርሳል። በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ካረፈ ግን 400 ኒውተኑ በሙሉ እዚያችው ላይ ነው። ስምንት እጥፍ! ችግሩ ምን መሰላችሁ? የመቺው ጣትም ያንኑ ያህል ኃይል መልሶ ይቀበላል። ጣቱ ካልተዘጋጀ የሚሰበረው እሱ ነው።

መከላከያውስ? ዋ-ኡኬ በክብ እንቅስቃሴ የሚመጣን ምት ከጎን ገፍቶ አቅጣጫ ማስቀየር ነው። በገና ጨዋታ እየበረረ የመጣን ሩር ፊት ለፊት ተጋፍጦ ከማቆም ከጎን ነካ አድርጎ ማሳለፍ ይቀላል አይደል? ነገሩ እንደዚያው ነው።

ቆሞ መተንፈስ

የሥልጠናው መሠረት ሳንቺን የተባለ የእንቅስቃሴ ቅንብር ነው። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ፣ ክርን ወደ ጎን ተሰብስቦ፣ መዳፍ ተዘርግቶ በቀስታ ወደ ፊት ይራመዳሉ። ጡንቻ ተወጥሮ ሳለ እስትንፋስ መቋረጥ የለበትም። ጀማሪ ግን ሲወጥር ትንፋሹን ይይዛል፤ ያኔ የደም ግፊቱ በድንገት ይጨምራል፣ ራሱንም ሊያዞረው ይችላል።

ሳንቺንን ከባሕር ዳር ወደ መካነ ሰላም ብናመጣውስ? መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በአንድ እስትንፋስ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገት ላይ ቶሎ የሚያለከልከው ለዚህ ነው። ቦረና ላይ ተወልዶ ያደገ ልጅ አየሩን ቢለምደውም፣ ከባድ ልምምድ ሲሠራ በመሀል እያረፈ መተንፈሱ ይጠቅመዋል።

ክንድ ለክንድ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ኮቴ ኪታኤ በሚባለው ልምምድ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ክንዳቸውን በተራ፣ በተመጠነ ምት ያጋጫሉ። ሲጀምሩ ነካ ነካ ብቻ ነው፤ ኃይሉ የሚጨመረው በወራትና በዓመታት ውስጥ ነው።

ለምን እንዲህ ይዘገያል? የገበሬን መዳፍ ተመልከቱ። ዕርፍ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያርስ መዳፉ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲያርስ ግን ቆዳው ወፍሮ መጅ ያወጣል። ሥራው ያው ሆኖ ልዩነቱን ያመጣው ቆዳው ራሱን የሚጠግንበት ጊዜ ማግኘቱ ነው።

አጥንትም ሕያው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 እንዳስረዳው፣ አጥንት በሚሸከመው ጫና ልክ ራሱን ይቀርጻል። አንዱ ዓይነት ሕዋስ ያረጀውን ያፈርሳል፣ ሌላው አዲሱን ይገነባል። የቴኒስ ተጫዋቾች ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላው የሚወፍረው በዚህ የተነሳ ነው። ግንባታው ግን ወራት ይፈጃል። ማፍረሱ ከግንባታው ከቀደመ ጥቃቅን ስንጥቆች ይጠራቀማሉ፣ በመጨረሻም አጥንቱ ይሰበራል።

«አሁን እኮ አያመኝም፣ ነርቩ ሞቷል» የሚል ሰው ሰምታችሁ ይሆናል። በትክክለኛ ልምምድ ነርቭ አይሞትም፤ አንጎል ምቱን ይለምደዋል እንጂ። ሕመም መቀነሱ ደግሞ አጥንት ለመጠንከሩ ማረጋገጫ አይደለም። እጅ በእርግጥ ከደነዘዘ ጉዳት ነው፤ ለሐኪም መታየት አለበት።

ለእናንተስ?

በልጆችና በወጣቶች አጥንት ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ይህ ክፍል የሚዘጋው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ክፉኛ ከተጎዳ አጥንቱ ሊጣመም ወይም ዕድገቱን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ግንድና ግድግዳ መደብደብ ይቅርባችሁ። ገመድ መዝለል፣ ፑሽ አፕ፣ ሩጫ፣ የሳንቺን አቋምና እስትንፋስ በዚህ ዕድሜ አጥንትንም ጡንቻንም ይገነባሉ።

ግፊትን በራሳችሁ ላይ መሞከር ካማራችሁም ቀላል መንገድ አለ። መጀመሪያ በጭብጣችሁ፣ ቀጥሎ በአንድ ጣት መገጣጠሚያ መዳፋችሁን በእኩል ጉልበት ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ልዩነቱን ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ ባሕር ዛፉም በሰላም ያድራል።