የመንገድ አደራ

ስለት የተሳለ ወይም በረከት የሚሻ ሰው ወደ ቅዱስ ስፍራ በእግሩ መሄዱ በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። እንደዚህ ያለው መንገደኛ ተሳላሚ ይባላል። ተሳላሚ በአንድ ቀን መንገድ ምን እንደሚያገኘውና ምን እንደሚጠበቅበት በዚህ ንባብ እንመለከታለን።

በጎጃም፥ በሰከላ ምድር፥ ግሽ ዓባይ የሚባል ስፍራ አለ። የዓባይ ምንጭ በዚያ ነው። ምንጩ ትንሽ ነው፤ ውሃው ግን ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይገባል፥ ከጣናም ወጥቶ እስከ ሱዳንና እስከ ግብጽ ይደርሳል። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለ የእስፓንያ ቄስ በ1610 ዓመተ ምሕረት፥ ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ደግሞ በ1763 ዓመተ ምሕረት ይህን ምንጭ አይተው ለአገራቸው ሰዎች ጽፈዋል። የአገሩ ሰው ግን ከነርሱ አስቀድሞ ያውቀውና ያከብረው ነበር። አቡነ ዘርዐ ብሩክ በመከራቸው ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታትም በኋላ ውሃው ሳያበላሽ መለሰላቸው ተብሎ ይተረካል። ስለዚህ በዓላቸው በሚከበርበት በጥር 13 ቀን ተሳላሚ ወደ ግሽ ይወጣል።

ከቡሬ የሚነሣ በጥሊሊ በኩል ይመጣል፤ ከፍኖተ ሰላም የሚነሣ ወደ ሰሜን ይወጣል። ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገዱ ግን ለእግር ቀላል አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የግሽ ምድር ከ2,700 ሜትር ያልፋል። ተሳላሚው በጧት በወይና ደጋ የበርበሬና የበቈሎ ማሳ እያየ ይነሣል፤ ወደ ማታ ገብስና ድንች ወደሚበቅልበት ደጋ ይደርሳል። ቀን ፀሐይ ያቃጥለዋል፥ ሌሊት ቍር ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ጋቢ፥ ዱላ፥ በሶና በቅል የተሞላ ውሃ ሊይዝ ይገባዋል። መንገዱ ለብርቱ ሰው ረጅም ቀን ነው፤ ለደካማ ግን ሁለት ቀን ነው።

እኔ በቅኔ ቤት ሳለሁ ደበሎ ለብሼ፥ አኵፋዳ ይዤ ከየኔታና ከጓደኞቼ ጋር በዚህ መንገድ ሄጄ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ስንነሣ አንድ ሰው ያረጁ እናቱን ይዞ መጣና፥ «የኔታ፥ ከብት የሚጠብቅልኝ ሰው የለኝምና እናቴን በእናንተ ላይ ጥያለሁ፤ የእግዜር አደራ» አለ። የኔታም ወደ እኔ ተመልክተው፥ «እማሆይን አንተ ደግፍ፤ የውሃውንም ቅል ያዝ» አሉኝ።

እስከ ረፋድ ድረስ መልካም ሄድን። በላህ ወንዝ ዳር እግራችንን ታጠብን፤ በአውድማ ላይ ጤፍ የሚያበራዩ ገበሬዎችም «በረከታችሁ ይድረሰን» ብለው ጠላ ሰጡን። ከቀትር በኋላ ዳገቱ ሲበረታ እማሆይ በየጥቂት እርምጃው ይቀመጡ ጀመር። ጓደኞቼ ቀድመው ከዓይኔ ራቁ። እኔም ማኅሌቱ ሳይቆም ልድረስ ብዬ ቸኰልሁ። «እማሆይ፥ ከዚህ ጥላ ይረፉ፤ ከኋላ የሚመጡት ይዘውዎት ይመጣሉ» አልሁ። እርሳቸውም «እሺ ልጄ» አሉ። ሮጬ ጓደኞቼን ደረስሁባቸው። ቅሉ ግን በትከሻዬ ላይ ነበረ።

ማታ ግሽ ስንደርስ የኔታ ቈጠሩንና «እማሆይ ወዴት ናቸው?» አሉ። ከኋላ የሚመጡት ሁሉ ደርሰው ነበር፤ እማሆይን ያየ ግን ማንም አልነበረም። የኔታም አልተቈጡም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ውሃው እንኳ አደራውን መለሰ። አንተ ግን አደራ በላህ» አሉኝ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ችቦ አብርቼ ወደ ኋላ ተመለስሁ። ከጥላው ስንደርስ ማንንም አላገኘንም። ያን ጊዜ ጕልበቴ ከዳኝ። ጅብ ሲጮኽ እሰማ ነበርና ያሰብሁትን ለመናገር አልደፈርሁም።

ጥቂት ራቅ ብሎ የውሻ ጩኸት ሰማንና ወደዚያ ሄድን። እማሆይ በአንድ ገበሬ ቤት እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር። የቤቱ እመቤት እንጨት ለቅማ ስትመለስ ውሃ ጥም አድክሟቸው ተኝተው አግኝታ፥ ደግፋ ወስዳ፥ እግራቸውን አጥባ የገብስ አጥሚት አጠጥታቸው ነበር። እኔ ከእግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንሁ። እርሳቸውም፥ «ተነሣ ልጄ። ስለ ምን ቸኰልህ? ውሃው አይሸሽም» አሉኝ።

በማግሥቱ ገበሬው በበቅሎው አስቀመጣቸው፥ እኔም በቅሎዋን ሳብሁ። ግሽ ስንደርስ ቅዳሴው ወጥቶ ነበር። ማኅሌቱንም ቅዳሴውንም አጣሁ። በዚያው ቅል ጠበሉን ተቀብዬ አስቀድሜ ለእማሆይ ሰጠሁ፤ እኔም ከርሳቸው በኋላ ጠጣሁ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሦስት ነገር ተማሩ። በማኅበር ስትሄዱ የጕዞው ልክ የደካማው እግር እንጂ የብርቱው አይሁን። ብርቱው ከሁሉ በኋላ ይሂድ፤ ከፊት የሚሄድ የወደቀውን አያይምና። ውሃ የያዘም ከተጠማው አይለይ። ያች የገበሬ ሚስት በዚያ ዓመት ወደ ግሽ አልወጣችም፤ ነገር ግን የተሳላሚን ሥራ ከእኔ ይልቅ የፈጸመች እርስዋ ናት።