አንድ ግቢ፣ አራት ጨዋታ

በየዓመቱ በሚያዝያ የለንደን ማራቶንን በቴሌቪዥን የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ብላክሂዝን ስሙን ሳይሰማ አይቶታል። ደራርቱ ቱሉ በ2001፣ ፀጋዬ ከበደ በ2010 እና በ2013፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2025 ያሸነፉበት ውድድር የሚነሣው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ካለው ከዚህ ሰፊ የሣር መስክ ጥግ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሯጮቹ ከተነሡ ካሜራው አብሯቸው ይሄዳል። ካሜራው ከማይዞርበት ወገን፣ ከመስኩ ብዙም ሳይርቅ፣ ሬክተሪ ፊልድ የሚባል ግቢ አለ። ራግቢ፣ ክሪኬት፣ ቴኒስና ስኳሽ በአንድ አጥር ውስጥ ይኖሩበታል። ከአራቱ ስሙ የገነነው ራግቢው ነው፤ ብላክሂዝ የተባለውን የራግቢ ክለብ ረጅም ዘመን ያቆየው ግን ግቢው ይመስለኛል።

ክለቡ የተመሠረተው በ1858 ነው። መሥራቾቹ በአካባቢው የነበረ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከትምህርት ቤት ቢወጡም ከጨዋታው መውጣት አልፈለጉም። አባልነታቸው ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ሰዎች ካልተገደበ የራግቢ ክለቦች መካከል ብላክሂዝ በዕድሜ ቀዳሚ ተደርጎ ይቆጠራል። በይፋ የሚጠራው አሁንም «የብላክሂዝ እግር ኳስ ክለብ» ተብሎ ነው። ይህ ለዛሬ አንባቢ ግር ይላል፤ ያኔ ግን ሁለቱ ጨዋታዎች ገና አልተለያዩም ነበር። እንዲያውም ከለያዩዋቸው አንዱ ይኸው ክለብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ሕግ ይጫወታል፤ አንዱ ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥን ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል። ስለዚህ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ ከጨዋታው በፊት ክርክር ይቀድማል። ይህን ለማስታረቅ በጥቅምት 1863 የየክለቡ ተወካዮች ለንደን ውስጥ ፍሪሜሰንስ ታቨርን በተባለ ቤት ተሰብስበው የእንግሊዝን እግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ ሦስቱ የመጡት ከብላክሂዝ አካባቢ ነበር። የብላክሂዝ ክለብ ተወካይ ፍራንሲስ ሞል ካምቤል ደግሞ የማኅበሩ የመጀመሪያ ገንዘብ ያዥ ሆነ።

በስብሰባዎቹ መጨረሻ ግን ሁለት ነገሮች ከረቂቁ ሕግ ወጡ፤ ኳስ ይዞ መሮጥና የተጋጣሚን ቅልጥም በጫማ መምታት። የመጀመሪያውን ማንም ይረዳዋል። ሁለተኛው የዘመኑ ሰዎች እንደ ወግ የያዙት ነገር ነበር፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ቅልጥሙን ብሎ መጣል የወንድነት መለኪያ ነበርና። ካምቤል ይህ ከቀረ ጀግንነት ከጨዋታው ይጠፋል፣ ለአንድ ሳምንት የተለማመዱ ፈረንሳዮች መጥተው ያሸንፉናል እያለ ተከራከረ። የሰማው የለም። ታኅሣሥ 8 ቀን ብላክሂዝ ከማኅበሩ ወጣ። የቀሩት የዛሬውን እግር ኳስ ይዘው ሄዱ፤ የወጡት ራግቢን ይዘው ቀሩ።

የሚያስቀው የታሪኩ መጨረሻ ነው። ሰኞ ወደ ሥራ የሚገባ ጎልማሳ በየሳምንቱ ቅልጥሙ እየቆሰለ መኖር እንደማይችል ለመረዳት ብላክሂዝ ዐሥር ዓመት እንኳ አልፈጀበትም። በ1870 መጨረሻ የክለቡ ጸሐፊ ቤንጃሚን በርንስ ከሪችመንድ ክለቡ ኤድዊን አሽ ጋር ሆኖ፣ ራግቢ የሚጫወቱ ሁሉ አንድ ሕግ እንዲያወጡ የሚጠራ ደብዳቤ በታይምስ ጋዜጣ አወጣ። በጥር 26፣ 1871 ሃያ አንድ ክለቦች ተሰብስበው የእንግሊዝን የራግቢ ፌዴሬሽን መሠረቱ። ያወጡት ሕግ ቅልጥም መምታትን ከለከለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ኤድንብራ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንግሊዝን በአምበልነት የመራው የብላክሂዙ ፍሬዴሪክ ስቶክስ ነበር። ያሸነፈችው ግን ስኮትላንድ ናት።

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታውን ባጭሩ ልግለጸው። በየወገኑ 15 ሰው ይሰለፋል፣ ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው፣ ኳሷ እንቁላል ትመስላለች። በእጅ ማቀበል የሚቻለው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ለመሄድ ወይ ይዞ መሮጥ ወይ በእግር መምታት ያስፈልጋል። ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል። ለመንደር ክለብ የሚመቸው የአካሉ ነገር ነው፤ ከባድ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁሉም ቦታ አለው። ከየወገኑ ስምንት ሆነው በሚገፋፉበት ስክረም ፊት ለፊት የሚቆመው ሰው በሌላ ስፖርት ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳ ቦታ ላያገኝ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የተደረጉት ማንም በሚገባበት በዚያው ሰፊ መስክ ላይ ነበር። ተመልካቹ ሲበዛ ሜዳው ውስጥ እየገባ አስቸገረ፤ ክለቡም በ1870ዎቹ መጨረሻ አጥር ወዳለው ሪቻርድሰንስ ፊልድ ተዛወረ። በየካቲት 1881 ዌልስ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያዋን ያደረገችው እዚያ ነው፤ እንግሊዝ ያለ ርኅራኄ ረታቻት፤ ዌልስ አንድም ነጥብ አላገኘችም። በ1883 ክለቡ ወደ ሬክተሪ ፊልድ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው የክሪኬት፣ የራግቢና የቴኒስ ሰዎች በጋራ ኩባንያ አቋቁመው ግቢውን አብረው ያዙት። እንግሊዝ ትዊክነም የተባለውን ብሔራዊ ሜዳዋን ሳትሠራ በፊት ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎችን ካስተናገዱት አንዱ ይህ ሜዳ ነበር፤ በጥር 1909 አውስትራሊያ እንግሊዝን ያሸነፈችው እዚህ ነው። የኬንት ክፍለ ሀገር የክሪኬት ቡድንም ከ1887 እስከ 1971 እየመጣ ተጫውቶበታል።

ለመሆኑ ክሪኬትና ራግቢ እንዴት ይስማማሉ? የወቅት ክፍፍል ያስማማቸዋል። ራግቢ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በብርድና በጭቃ፣ ክሪኬት ከሚያዝያ እስከ መስከረም በፀሐይ ይጫወታል፤ በወረቀት ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ያለው ሣሩ ላይ ነው። የክሪኬት ኳስ ነጥራ የምትነሣበት መካከለኛው መሬት ሸክላማ አፈር ተደልድሎ፣ በከባድ ሮለር ተዳምጦ፣ ሣሩ ከሥር ተላጭቶ የሚዘጋጅ ነው። ክረምቱን በገመድ ታጥሮ ያርፋል፤ የራግቢ ጫማ ቢገባበት የቀጣዩ በጋ ጨዋታ ይበላሻል። በአንጻሩ 16 ከባድ ሰዎች የሚገፋፉበት የራግቢ ሜዳ በዝናብ ወራት ሣር አይተርፈውም። በሚያዝያ የራግቢ የመጨረሻ ግጥሚያ ሲራዘም የክሪኬቱ ወገን ሮለሩን ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ በመስከረም ደግሞ ተራው የራግቢዎቹ ነው። ብዙ ስፖርት ባለበት ክለብ የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ከዋንጫ ይልቅ ስለ ሣር የሚወራው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉም የሚፈራው ሰውም ሊቀመንበሩ ሳይሆን ሜዳ ጠባቂው ነው።

ስኳሽና ቴኒስ በዚህ ጠብ የሉበትም። ጥቅማቸው ሌላ ነው፤ ስኳሽ ጣሪያ ሥር ስለሆነ በሥራ ቀን ማታም ሰው ወደ ግቢው ያመጣል። የራግቢ ቡድን ቅዳሜ ብቻ የሚመጣ ደንበኛ ነው፤ የመብራት፣ የጣሪያ ጥገናና የኢንሹራንስ ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል።

በእኛም አገር በአንድ ስም ብዙ ስፖርት የያዙ ክለቦች አሉ። መቻል የመከላከያ ሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊስ፣ ንግድ ባንክም የባንኩ ነው፤ ገንዘቡ ከተቋሙ ይመጣል፣ ተቋሙ ሐሳቡን ሲለውጥ ቡድን ይፈርሳል። የእንግሊዙ የመንደር ክለብ ከዚህ ይልቅ ለእድር ይቀርባል። አባላቱ ያዋጣሉ፣ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠው ያለ ደመወዝ ያሠራሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በጠቅላላ ጉባኤ ይነታረካሉ። ዋናው ገቢ ከመዋጮና ከባሩ ነው። ከግጥሚያ በኋላ ባለሜዳው እንግዳውን አብልቶና አጠጥቶ መሸኘቱ ደግ ወግ ነው፤ ጣሪያውን የሚያስጠግነውም ይኸው ወግ ነው።

ይህ አሠራር የቆየው ገንዘብ ከራግቢ ለረጅም ጊዜ ስለተከለከለ ነው። በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች፣ ተጫዋቾቻቸው ለጨዋታ ሲሉ ላጡት የሥራ ቀን ክፍያ እንዲፈቀድ ጠይቀው ሲከለከሉ ተገንጥለው ወጡ። ያኔ ትክክለኞቹ የወጡት ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ የማዕድን ሠራተኛ ቅዳሜውን በነጻ ሊሰጥ አይችልም፣ የለንደን ጠበቃ ግን ይችላል። ክልከላው ከዚያ ወዲያ መቶ ዓመት ዘልቆ በነሐሴ 1995 ተነሣ። የብላክሂዝ የቀድሞ ባላንጣ ሪችመንድ በአንድ ባለሀብት ገንዘብ ፈጥኖ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ በ1999 ገንዘቡ ሲቋረጥ ወደቀ፣ አባላቱም ከሊጉ ታችኛው እርከን እንደገና ጀመሩ። ዋስፕስ የተባለው ሌላ የራግቢ ክለብ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኖ በ2022 ከሰረ። ከእርሱ ቀደም ብሎ የተለየው የዋስፕስ አማተር ክለብ ግን በምዕራብ ለንደን አክተን ውስጥ ዛሬም ይጫወታል።

ብላክሂዝም ሳይነካ አልቀረም። ዋናው ቡድን በ2016 ከሬክተሪ ፊልድ ወጥቶ ኤልታም ውስጥ ወዳለው ዌል ሆል ሄደ። ከ130 ዓመት በላይ ለተጫወተበት ሜዳ ይህ ቀላል ስንብት አይደለም። አሮጌው ግቢ ግን አልተዘጋም፤ የማኅበረሰቡ ራግቢ ከክሪኬቱ፣ ከቴኒሱና ከስኳሹ ጋር እዚያው ቀርቷል።

ልጁን ወደ እንዲህ ያለ ክለብ ለመውሰድ የሚያስብ ወላጅ ማወቅ ያለበት ነገር ቢኖር ቀኑ እሑድ ጠዋት መሆኑ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ትንሽ ያስቸግራል። ከስምንት ዓመት በታች ያሉት አይጣጣሉም፤ በወገባቸው ሁለት ሪባን ታስሮ እርሱን መንጠቅ ብቻ ነው። መጣጣል የሚጀመረው በቀጣዩ የዕድሜ ክፍል ነው፤ ያኔ የጥርስ መከላከያ መግዛት በጥብቅ ይመከራል። ወላጁም ዳር ቆሞ ብዙ አይቆይም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ሻይ እንዲያፈላ ወይም መስመር እንዲቀባ ይጠይቀዋል።