ስለ አበባ ወራትና ስለ ተማሪ የገዛ ሥራ

እግዚአብሔር ዓመቱን በአራት ክፍል ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሥራ ሰጥቶታል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለውን በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ፀደይ ይሉታል። በዛሬ ንግግር ብዙ ሰው የአበባውን ወራት ፀደይ ብሎ ይጠራዋል፤ በቀድሞው አቈጣጠር ግን ዝናም ካባራ በኋላ ምድር በአበባ የምትሸለምበት ጊዜ መፀው ነው። ከዚሁም ውስጥ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ወርኃ ጽጌ፣ ማለት የአበባ ወር ይባላል።

ይህ ወራት ለገበሬ የተስፋ ጊዜ እንደ ሆነ ሁሉ ለተማሪም የሥራ መጀመሪያ ነው። ወንዙ ይጎድላል፤ ጭቃው ይደርቃል፤ መንገዱ ይከፈታል፤ ክረምቱን በቤተ ሰቡ ዘንድ የቆየ ልጅም ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ሜዳውን ቢመለከት፣ ከወር በፊት ያልነበረ ዐደይ አበባ ዳገቱን ሸፍኖት ያገኘዋል። ዘሩ ግን ያን ጊዜ የመጣ አይደለም፤ በምድር ውስጥ ተሰውሮ ጊዜውን ይጠብቅ ነበር። በልጅ ልብ ውስጥም እንዲሁ ተሰውሮ የሚኖር ዘር አለ። ያም ዘር የገዛ ሐሳቡ ነው። እንዲያብብ የሚያደርገው ምንድር ነው? ሳያብብ የሚያደርቀውስ ምንድር ነው? ይህን መመርመር ለተማሪም ለአስተማሪም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የትንንሾቹን ልጆች ሥራ መመልከት መልካም ነው። መስከረም 1 ቀን በእንቍጣጣሽ፣ ልጃገረዶች ለምለም ሣርና ዐደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ በየደጁ ሲሄዱ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባና ፀሓይ፣ መልአክም በወረቀት ላይ እየሣሉ ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ። መልአኩ አንዱ ክንፉ ከሌላው ይረዝም ይሆናል፤ ፀሓይዋም ከቤቱ ጣራ በታች ትወጣ ይሆናል። ነገር ግን ሥዕሉን የተቀበለችው አሮጊት በግድግዳዋ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ልጁንም ትመርቀዋለች። ዛሬ በከተማ የታተመ ሥዕል ገዝቶ ማደል በዝቷል። የታተመው ሥዕል ክንፉ የተስተካከለ ነው፤ ይሁን እንጂ የልጁ እጅ የለበትም። ስለዚህ አሮጊቷ ሳንቲሙን ብትሰጥም ምርቃቱ እንደ ፊተኛው ከልብ አይወጣም።

ይህ ነገር በልጆች ጨዋታ ብቻ የሚታይ አይደለም። በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ተማሪ የራሱን ሐሳብ እንዲያፈልቅ የሚገደድበት አንድ ታላቅ ትምህርት ቤት አለ፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎ ዋድላ በዚህ ትምህርት የታወቁ ናቸው። ወደዚያ የሚሄደው ተማሪ ንባብና ዳዊት የጨረሰ፣ ብዙ ጊዜም ዜማ የቀመሰ፣ በልጅነትና በጐልማሳነት መካከል ያለ ነው። አዳሩ በትንሽ የሣር ጎጆ፣ ልብሱ ደበሎ፣ ምግቡም አኰፋዳውን ይዞ በየመንደሩ ለምኖ የሚያገኘው ቍራሽ ነው። በዚህ ሁሉ ድህነት ውስጥ ከእርሱ የሚጠየቀው ግን የሀብታም ሥራ ነው፤ ይኸውም በየቀኑ አዲስ ነገር ይዞ መቅረብ ነው።

የትምህርቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። የኔታ ማታ ግስና አገባብ ያስተምራሉ፤ ቅኔም ይዘርፋሉ፣ ማለት በቃላቸው አዲስ ደርሰው ያሰማሉ፤ ምስጢሩንም ይፈታሉ። በማግሥቱ ተማሪው ከሰው ርቆ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ በግዕዝ የራሱን ቅኔ ያወጣል፤ ይህም ቈጠራ ይባላል። ከዚያ በኋላ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ያሰማል፤ ይህም ነገራ ይባላል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፣ አምስት ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ እያለ፣ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ሁለት ቤት ማቆም ያቃተው ልጅ ከጊዜ በኋላ ስምንቱን ያቆማል።

ቅኔ አንድ ጽኑ ሕግ አለው። አንድ ጊዜ ለበዓል የተቀኙት ቅኔ ምንም ቢያምር፣ ለሌላ በዓል እንደ አዲስ ተመልሶ አይቀርብም። ለዛሬው በዓል የዛሬው ቅኔ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለቅኔ በትናንት ሥራው ሊታበይ አይችልም፤ ሁልጊዜ እንደ ጀማሪ ባዶ እጁን ይነሣል።

ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው የሚባለውም ከአንጥረኛ ሥራ በተወሰደ ምሳሌ ነው። አንጥረኛ ጌጥ ሊሠራ ሲፈልግ አስቀድሞ መልኩን በሰም ያበጃል፤ ሰሙንም በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃውንም በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በሰሙም ስፍራ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስሳል። በቅኔም ጆሮ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል ሰሙ ነው፤ ልብ መርምሮ የሚያገኘው ምስጢር ወርቁ ነው። እንግዲህ ሰሙን ያላበጀ ሰው ወርቁን የሚያፈስበት ስፍራ የለውም።

ለምሳሌ ሁለት ጀማሪዎች ነበሩ እንበል። ወራቱ ጥቅምት ነው፤ ሁለቱም ጉባኤ ቃና እንዲያመጡ ታዘዋል። አንደኛው ቀኑን በጨዋታ አሳልፎ ጊዜው በተቃረበ ጊዜ ወደ አንድ ነባር ተማሪ ሄደና ያማረ ቅኔ ለምኖ በቃሉ አጠና። ሁለተኛው ከሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ። ጧት የታየ አበባ ማታ እንደሚረግፍ፣ የሰውም ክብር እንዲሁ እንደ ሆነ ሊናገር ፈለገ፤ ነገር ግን ሁለተኛው ቤት እምቢ አለው፤ ግሱም ተጣመመበት።

ከየኔታ ፊት በቀረቡ ጊዜ ፊተኛው ቅኔውን ሳይደናቀፍ አሰማ፤ ጓደኞቹም ተደነቁ። የኔታ ግን «መልካም ነው፤ እስኪ ሰሙን ከወርቁ ለይተህ ፍታልኝ» አሉት። ልጁ ወደ መሬት ተመለከተ፤ የሚመልሰውንም አጣ። የኔታም ሳይቈጡ «ልጄ፣ ይህ ቅኔ ያንተ ቢሆን ኖሮ መንገዱን ታውቀው ነበር፤ ነገ ያንተኑ ይዘህ ና» ብለው አስቀመጡት። ሁለተኛው እየተንተባተበ አንካሳ ቅኔውን ተናገረ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ሊሥቁ ሲሉ የኔታ በዓይናቸው ገሠጿቸው። «ሰሙ ተበጅቷል፤ ወርቁ ግን ገና አልፈሰሰም። ይህ ግስ ወደ መጨረሻ ቢሄድስ?» አሉት። ልጁም «እሺ የኔታ» ብሎ ቃሉን አዛውሮ ደግሞ ተናገረ፤ ቅኔውም ቆመ። ያ ቅኔ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከዚያች ሰዓት በፊት በዓለም ላይ አልነበረም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፊተኛው ልጅ የተሸነፈው ቅኔው ስለ ከፋ አይደለም፤ ቅኔው መልካም ነበረ። የተሸነፈው የኔታ የሚያርሙት ነገር ስላላመጣ ነው። የተዋሰውን ቅኔ ቢያርሙለት የሚታረመው የነባሩ ተማሪ ሥራ ነው፤ የእርሱ ልብ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ሁለተኛው ስሕተቱን በመግለጡ ዕውቀትን ገዛ። በሽተኛ ቍስሉን ካልገለጠ ባለ መድኃኒት እንደማይረዳው፣ ተማሪም የገዛ ሥራውን ካላሳየ መምህር አይረዳውም።

ይህ ሲባል ግን ተማሪ ከሌላ ሰው አይማር ማለት አይደለም። በጽጌ ወራት ንብን መመልከት ይበቃል። ንብ ከዐደይ አበባና ከሌላውም አበባ ትቀስማለች፤ ነገር ግን አበባውን ቀጥፋ ወደ ቀፎዋ አትወስድም። የቀሰመችውን በሆድዋ ለውጣ ማር ታደርገዋለች፤ ሰውም አበባው ካለፈ በኋላ ማሩን ይቈርጣል። ተማሪም እንዲሁ ከመጽሐፍ፣ ከመምህር፣ ከጓደኛ ሊቀስም ይገባዋል። የቀሰመውን ግን በገዛ ልቡ አብስሎ በገዛ ቃሉ ሊያወጣው ያስፈልጋል።

እንደ አውሮጳ ሥርዓት የተደራጀው የመንግሥት ትምህርት በአዲስ አበባ የምኒልክ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ደብተርና ጥቍር ሰሌዳ በየአገሩ ተስፋፍቷል፤ የሥራው ምስጢር ግን አልተለወጠም። በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ድርሰት ይጽፋሉ፤ ሥዕል ይሥላሉ። አስተማሪው «ስለ መስቀል በዓል ጻፉ» ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነ፣ ብዙዎቹ በዓሉ ደስ የሚያሰኝ መሆኑን፣ ደመራ መደመሩን፣ ምግብና መጠጥ መቅረቡን ብቻ ጽፈው ይመለሳሉ። አርባ ደብተር ቢገለጥ አርባውም አንድ ነው። ነገር ግን «ዛሬ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ በመንገድ ያያችሁትን ጻፉ» ቢላቸው ነገሩ ይለወጣል። አንዱ በጥቅምት ያለ ጊዜው የመጣ ዝናም የደረሰውን ጤፍ እንዳያበላሽባት ወደ ሰማይ ስለምትመለከት ባልቴት ይጽፋል። ሌላዪቱ ታናሽ ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ ውኃ ቀድታ ከመጣች በኋላ ስለ መዘግየቷ ትጽፋለች። አስተማሪውም ያን ጊዜ የልጆቹን ኑሮ ያውቃል፤ ዘገየች ብሎ ሊቀጣት ያሰበውንም ልጅ ሊራራላት ይችላል።

በዚህ ዘመን ፈተናው በርትቷል። ቀድሞ ሰነፍ ተማሪ ከጓደኛው ደብተር ይቀዳ ነበር፤ ዛሬ ግን ድርሰትን በቅጽበት ጽፎ የሚሰጥ መሣሪያ ተገኝቷል። መሣሪያው ቋንቋን አሳክቶ ሊጽፍ ይችላል፤ ነገር ግን ያችን ልጅ ውኃ ስትቀዳ አላያትም፤ ድካሟንም አያውቅም። የእርሷን ድርሰት ሊጽፍ የሚችል ከእርሷ በቀር ማንም የለም።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ ያሉ ሁሉ ድርሻ አላቸው። አስተማሪ የልጅን ሥራ ሲያርም ከስሕተቱ በፊት መልካሙን ሊፈልግ፣ ስሕተቱንም ሳያዋርድ ሊያሳይ ይገባዋል። ጓደኞችም በሚንተባተብ ልጅ ላይ ከመሣቅ ሊጠበቁ ይገባቸዋል። አንድ የሣቅ ድምፅ ልጅን ለብዙ ዓመት ዝም ሊያሰኝ ይችላልና፤ ውርጭ በአንድ ሌሊት የእርሻውን አበባ እንደሚያደርቅ ነው። ተማሪውም በበኩሉ አንካሳ ቢሆንም የራሱን ይዞ ለመቅረብ ሊደፍር፣ ሲታረምም ሳይቀየም ሊቀበል ያስፈልገዋል።

የአበባው ወራት አጭር ነው። ዐደይ አበባ ጥቂት ሳምንት ታይቶ ይረግፋል፤ በምድር የሚቀረው ዘሩ ነው። የልጅነት ጊዜም እንዲሁ ያልፋል። በዚያ ወራት በገዛ እጁ የሠራ ልጅ ሥራው ቢጠፋ እንኳ መሥራት መቻሉ አብሮት ይኖራል፤ የሌላውን ሲቀዳ የኖረ ግን ወራቱ ባለፈ ጊዜ በእጁ ምንም አይገኝም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ተብሎ የተነገረው ይህን ለማስተማር ነው።