200 ኩንታል በዓባይ ቁልቁለት

ከጎጃም ጤፍ የጫነ የጭነት መኪና ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲያዘቀዝቅ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ ማርሽ መቀነስ ይጀምራል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መጀመሪያ ቁልቁለት፣ ከድልድዩ ወዲያ ዳገት። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ዝቅታ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። የፊዚክስ መጻሕፍት በዘንባላ ሳንቃ ላይ የሚንሸራተት ሳጥን እየሣሉ የሚያስተምሩት ትምህርት ከዚህ የተሻለ ማሳያ ያለው አይመስለኝም።

ቁጥር እንስጠው። ባዶውን 10,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 200 ኩንታል ጫነ እንበል፤ በጠቅላላው 30,000 ኪሎ ሆነ። መንገዱም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይወርዳል እንበል። መሬት ይህን መኪና የምትስበው በ294,000 ኒውተን ነው። ስበቱ በአንድ በኩል አስፋልቱን ይጫናል፤ አስፋልቱም በእኩል ኃይል መልሶ ስለሚገፋ ሁለቱ ይጣፋሉ። በሌላ በኩል ደግሞ መኪናውን ወደ ቁልቁል ይጎትታል፤ ይህኛው የስበቱ 7 በመቶ ያህል፣ ማለትም 20,600 ኒውተን ገደማ ነው። የሚቃወሙት ሁለት ናቸው። ጎማው ከመንገዱ ጋር እየተጨፈለቀ ሲንከባለል 2,350 ያህል ይይዛል፤ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ 300 ቢሆን ነው። ተቀናንሶ የሚተርፈው፣ የተጣራው ኃይል፣ 18,000 ኒውተን ገደማ ይሆናል።

ይህን ለ30,000 ኪሎ ስናካፍለው ፍጥንጥነቱን እናገኛለን፦ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሰከንድ በ0.6 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ማርሹ ነጻ ሆኖ ፍሬን ካልተያዘ፣ በ30 ይወርድ የነበረው መኪና በ20 ሰከንድ ውስጥ 70 ይገባል። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ 20 ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው።

ጭነት የበዛበት መኪና ቁልቁለት ላይ ይበልጥ ይፈጥናል የሚል ብዙ ሰው አለ። እስቲ ባዶውን እናስላው። ወደ ታች የሚጎትተው 6,860፣ የጎማው ተቃውሞ 780፣ ነፋሱ ያው 300፤ የተጣራው 5,800 ገደማ። ለ10,000 ሲካፈል 0.58። ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ክብደቱ ሲጨምር የሚጎትተው ኃይልም መገፋት ያለበት ግዝፈትም እኩል ስለሚያድጉ ነው። ኩንታሉ የሚያከብደው የፍሬኑን ዕዳ ነው፤ መኪናው 30ን ይዞ እንዲወርድ ባዶው 5,800 ኒውተን ሲጠይቅ ጭነት ያለው 18,000 ይጠይቃል። ያ ሲሟላ የተጣራው ኃይል ዜሮ ይሆናል፤ መኪናው ግን አይቆምም፣ በያዘው ፍጥነት ይቀጥላል።

ዕዳው የሚከፈለው በሙቀት ነው። 1,000 ሜትር እስኪወርድ ድረስ የሚጠራቀመው ሙቀት ከሦስት በርሜል የሚበልጥ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ በፍሬን ሸራና በታምቡር መካከል ባለው ሰበቃ ላይ ከተጣለ፣ ሸራው ይግላል፣ የመያዝ አቅሙ ይዳከማል፣ ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይሸሻል። ሾፌሩ በረገጠ ቁጥር የሚያገኘው ያንሳል። ከባድ ማርሽ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ሞተሩ በመንኮራኩሮቹ እየተነዳ ይይዛቸዋል፣ ሙቀቱም በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል።

ደግሞም ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው፤ መኪናውን የሚይዘው አስፋልቱ ነው። ደረቅ አስፋልት እስከ ክብደቱ 70 በመቶ፣ ማለትም ወደ 200,000 ኒውተን ሊይዝ ስለሚችል በበጋ ችግሩ ከመንገዱ አይደለም። በክረምት ጭቃ ከገደሉ ታጥቦ ሲወርድበት ግን አቅሙ ክፉኛ ይቀንሳል። ያኔ ፍሬኑን አጥብቆ የረገጠ ሰው ጎማውን ያስራል፤ የታሰረ ጎማ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ ከሚንከባለለው ያነሰ ይይዛል፣ መሪም አይሰማም።

ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱ ሲጀመር ሰበቃ ወገን ይቀይራል። ሲወርድ ሾፌሩን ያግዝ የነበረው የጎማ ተቃውሞ አሁን ከስበቱ ጋር ተደምሮ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ በእኩል ፍጥነት ለመውጣት ብቻ 23,000 ኒውተን ያስፈልጋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከሆነ ይህ 130 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱም እጥፍ። ቆሞ ለሚነሣ ደግሞ ከ23,000 በላይ ትርፍ ያስፈልገዋል። ሞተሩ 3,000 ኒውተን ቢያተርፍ ፍጥንጥነቱ 0.1 ብቻ ስለሆነ 15 ለመግባት 40 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ እስኪነሣ ድረስም ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ልምድ ያለው ሾፌር ዳገት መሃል ከመቆም በ10 እየተሳበ መውጣትን ይመርጣል፤ ከኋላው የተሰለፉት የቱንም ያህል ክላክስ ቢያደርጉ።