ከጅማት ጉዳት በኋላ ወደ ሜዳና ወደ ማሳ መመለስ

መግቢያ

የጡንቻ፣ የጅማትና የመገጣጠሚያ ጉዳት ሕይወትን ወዲያው ስለማያሰጋ በጤና ተቋማት ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ይሁን እንጂ ኑሮው በእግሩና በጉልበቱ ላይ ለተመሠረተ ሰው ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በሰኔ ወር ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ እርፍ ለመጨበጥ ሁለትና ሦስት ወር ከፈጀበት የዘር ወቅት ያልፈዋል። በአንፃሩ ጉዳቱ ሳይጠገን ወደ እርሻ የተመለሰ ሰው ደግሞ ያው እግሩ ደጋግሞ እየተጎዳ ለዘለቄታ ሊሰናከል ይችላል። መቼ መመለስ እንደሚገባ መወሰን፣ ጉዳቱን ከማከም ባላነሰ ሁኔታ ዕውቀትና ትዕግሥት የሚጠይቅ የሕክምና ሥራ ነው።

ይህ ጽሑፍ የታዋቂ ስፖርተኞችን ከጉዳት የመመለስ ተሞክሮ መነሻ በማድረግ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው በሚገኙ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች የጅማት ጉዳት የደረሰበትን ሰው እንዴት መርምረው፣ ረድተውና መርተው ወደ ሥራው ሊመልሱት እንደሚችሉ ያብራራል።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተረከዝ

እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ አሸነፈ። የኃይሌ ሰዓት 27፡18.20፣ የቴርጋት ደግሞ 27፡18.29 ነበር። ኃይሌ ወደ ሲድኒ የሄደው የአኪለስ ጅማት፣ ማለትም ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት፣ እያመመው ነበር። ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ወደ ውድድር የተመለሰው ከአሥር ወራት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2001 በኤድመንተን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አራት ጊዜ በተከታታይ ባሸነፈበት በዚህ ርቀት፣ ቻርለስ ካማቲና አሰፋ መዝገቡ ቀድመውት ሦስተኛ ወጣ። ብዙ ተመልካች ይህን እንደ ሽንፈት ቆጥሮት ሊሆን ይችላል። በሕክምና ዓይን ሲታይ ግን በቀዶ ሕክምና የተነካ ጅማት በዓመት ጊዜ ውስጥ የዓለምን ፈጣን ሯጮች ፍጥነት መሸከም መቻሉ ትልቅ ውጤት ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በብሪስቶል የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በበርሊን የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ አሻሻለ፤ ሁለተኛው ሰዓት 2፡03፡59 ነበር።

በሣር ሜዳ ላይ የታየው

የሜዳ ቴኒስም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። የሣር ሜዳው የውድድር ወቅት አጭር ከመሆኑም በላይ ሣሩ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንሸራትታል። ኳሷም ዝቅ ብላ ስለምትነጥር ተጫዋቹ ጉልበቱን አጥፎ በአጭር እርምጃ መሮጥ ይኖርበታል። በዚህ ሁኔታ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና የታፋ ጡንቻ ከፍተኛ ጫና ይደርስባቸዋል።

ኖቫክ ጆኮቪች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 መጀመሪያ ላይ የጉልበቱ ውስጠኛ ሜኒስከስ ተቀድዶ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም፣ አንድ ወር ሳይሞላ ዊምብልደን ላይ ተሰልፎ ለፍጻሜ ደረሰ። በነሐሴም በፓሪስ ኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። በአንፃሩ ሴሬና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በዚያው ሣር ላይ አዳልጧት ከተጎዳች በኋላ ወደ ውድድር የተመለሰችው አንድ ዓመት ያህል ቆይታ ነው። አንዲ መሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የዳሌ መገጣጠሚያው በብረት ከተሸፈነለት በኋላ በሰኔ ወር በለንደን ሣር ሜዳ በጥንድ ጨዋታ ተሰልፎ አሸነፈ። ለብቻ የሚደረገውን ከባዱን ጨዋታ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የማገገሚያው ጊዜ የሚወሰነው በተጎጂው ጀግንነት ሳይሆን በዋናነት በተጎዳው የአካል ክፍልና በጉዳቱ ዓይነት ነው። ሁለተኛ፣ መመለስ በአንድ ቀን የሚፈጸም ሳይሆን ከቀላል ወደ ከባድ ደረጃ በደረጃ የሚከናወን ነው።

ጅማት እንዴት ይድናል?

በአማርኛ “ጅማት” የሚለው ቃል ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውን ቴንደንንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውን ሊጋመንትንም፣ አንዳንዴም ነርቭን ያመለክታል። ስለሆነም ታካሚው “ጅማቴ ተጎዳ” ሲል የትኛው እንደተጎዳ መለየት የባለሙያው ድርሻ ነው።

የጅማት መዳን ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠት፣ ሙቀትና ሕመም ይታያል። ይህም ሰውነት የተጎዳውን ሕብረ ሕዋስ የሚያጸዳበት ጊዜ ነው። ከዚያ እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ አዲስ ኮላጅን ይሠራል፤ ነገር ግን ቃጫዎቹ የተዘበራረቁና ደካማ ናቸው። በሦስተኛው ደረጃ ቃጫዎቹ በጫናው አቅጣጫ እየተሰለፉ ይጠነክራሉ፤ ይህም እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

ልብ ሊባል የሚገባው ሕመሙ የሚጠፋው ጅማቱ ጥንካሬውን ከማግኘቱ ብዙ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ታካሚው “ድኛለሁ” ብሎ የሚነሣበት ቀንና ጅማቱ የሚድንበት ቀን አንድ አይደሉም። በሌላ በኩል ቃጫዎቹ የሚሰለፉት በመጠኑ ሲሠሩ ስለሆነ ለወራት መተኛትም ጅማቱን ያደክመዋል። የአኪለስ ጅማት ከተረከዝ በላይ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍሉ የደም ሥር ስለሚያንሰው በዚያ ቦታ ጉዳት ይበዛል፤ መዳኑም ይዘገያል።

በመጀመሪያው ምርመራ መታለፍ የሌለባቸው

በክረምት ረግረጉ፣ የረጠበው ሣርና ድጡ ለወለምታ ምክንያት ይሆናሉ። በመኸር ወቅት ማጭድ፣ በሌላው ጊዜ መጥረቢያና ከፈረስ ወይም ከበቅሎ መውደቅ ይጨመራሉ። ባለሙያው የሚከተሉትን ጉዳቶች ከተራ ወለምታ መለየት ይኖርበታል።

ሀ. ስብራት፦ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኦታዋ የቁርጭምጭሚት መመሪያ ራጅ ለሌለው ጤና ጣቢያ በጣም ይጠቅማል። በውስጥ ወይም በውጭ በኩል ባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት የኋላ ጠርዝ፣ ከጫፉ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍል ወይም በጫፉ ላይ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ታካሚው ከጉዳቱ በኋላ ወዲያውም ሆነ በምርመራው ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ወዳለበት ይላክ። በሕፃናት፣ በሰከረ ወይም ራሱን በሚገባ ባላወቀ ሰው ላይ ግን በመመሪያው ብቻ መተማመን አይገባም።

ለ. የአኪለስ ጅማት መበጠስ፦ ታካሚው ብዙ ጊዜ “ከኋላዬ የተመታሁ መሰለኝ” ይላል። በሆዱ አስተኝቶ እግሩን ከአልጋው ጠርዝ ውጭ በማድረግ ባቱን መጭመቅ ያስፈልጋል። የእግሩ መዳፍ ወደ ታች ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት ነው። ሌሎች ጡንቻዎች ስለሚረዱት ታካሚው እያነከሰ ሊራመድ፣ እግሩንም ወደ ታች ሊያንቀሳቅስ ይችላል። በዚህም ምክንያት ጉዳቱ እንደ ወለምታ ይታለፋል። በጊዜው ከተገኘ ያለ ቀዶ ሕክምና በጄሶም ሊድን ስለሚችል የእግሩን ጣቶች ወደ ታች አዘንብሎ ደግፎ መላክ ይገባል።

ሐ. በስለት የተቆረጠ ጅማት፦ ከተረከዝ በላይ በማጭድ ወይም በመጥረቢያ የደረሰ ቁስል ሲያጋጥም ቆዳውን ብቻ ሰፍቶ መሸኘት አደገኛ ነው። ከመስፋት በፊት የባት ጭመቃ ምርመራው ይደረግ፤ ቁስሉ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ የቴታነስ መከላከያም ይሰጥ።

ወጌሻና አደጋው

በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ወጌሻ ቅርብ፣ የታመነና በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ነው። ብዙ ቀላል ወለምታዎችም በእርሱ እጅ ይድናሉ። አደጋው የሚመጣው እብጠቱ ገና በሚጨምርበት ጊዜ እግሩ ወይም እጁ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር ነው። ጫናው የደም ዝውውርን ሲያግድ ጡንቻው ይሞታል፤ ከዚያም ጋንግሪን ይከተላል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እጅ ወይም እግራቸው ከሚቆረጥ ሕፃናትና ወጣቶች መካከል ቀላል የማይባሉት ለዚህ የበቁት በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ ከጉዳቱ መጠን በላይ የሆነ ሕመም፣ ጣቶች በሌላ ሰው ሲዘረጉ የሚጨምር ሥቃይ፣ መደንዘዝ፣ የቆዳ መገርጣትና መቀዝቀዝ ናቸው። የልብ ምት በእግር ላይ መዳሰሱ አደጋው የለም ማለት አይደለም፤ ምቱ የሚጠፋው ዘግይቶ ነውና። እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣ ማሰሪያው ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ እግሩ በልብ ትክክል ይቀመጥ፤ ሳይዘገይም ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላክ። የጡንቻ ዕድሜ በሰዓታት ይቆጠራል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳሮቹ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች የሚደረገው ጉዞ ረዘም ያለ በመሆኑ ውሳኔው በመጀመሪያው ምርመራ መሰጠት አለበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወጌሻውን ከማውገዝ ይልቅ ብታሠለጥነው ትርፉ ይበዛል። ጣቶች እንዲታዩ ማድረግ፣ በመጀመሪያው ቀን አጥብቆ አለማሰር፣ በየጥቂት ሰዓቱ ማየት፣ ደም የሚታይበትን ስብራት ጨርሶ አለመንካት፤ እነዚህ አራት ነገሮች ብቻ ብዙ እግር ያድናሉ።

መልሶ ማቋቋም

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እግሩን ከፍ ማድረግ፣ በመጠኑ መጠቅለልና በቀዝቃዛ ውኃ በራሰ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ሕመሙንና እብጠቱን ያስታግሳሉ። ማሸት በዚህ ጊዜ አይመከርም። ከዚያ በኋላ በምርኩዝ እየተደገፉ መራመድና ቁርጭምጭሚቱን ማንቀሳቀስ ይጀመራል። ሕመሙ ሲቀንስ በአንድ እግር የመቆም ልምምድ ይከተላል፤ ይህም ወለምታው እንዳይደገም ይከላከላል።

ለቆየ የአኪለስ ጅማት ሕመም እ.ኤ.አ. በ1998 ስዊድናዊው አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ልምምድ ያለ መሣሪያ ሊሠራ የሚችል ነው። ታካሚው በደረጃ ወይም በድንጋይ ጠርዝ ላይ በጣቶቹ ይቆማል፤ በጤነኛው እግር ተረከዙን ከፍ ካደረገ በኋላ በታመመው እግር ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ይህንኑ ጉልበቱን ዘርግቶና አጥፎ፣ እያንዳንዱን 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንታት ያደርጋል። ሲቀልለው እህል የተሞላ ከረጢት በጀርባው ይሸከማል።

መድኃኒትን በሚመለከት ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ስቴሮይድ በጅማቱ ውስጥ መወጋት ጅማቱን ሊያስበጥስ ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ ፀረ ተሕዋስያንም የጅማት መቆጣትና መበጠስ እንደሚያስከትሉ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዝዟል። አደጋው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑትና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይጨምራል። ስለዚህ አዲስ የተረከዝ ሕመም ያለበት ሰው የሚወስደው መድኃኒት መጠየቅ አለበት።

መቼ ይመለስ?

ውሳኔው በቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በተግባር መለኪያ ሊሰጥ ይገባል። የተጎዳው እግር እንደ ጤነኛው መታጠፍና መዘርጋት ችሏልን? በአንድ እግር ቆሞ ተረከዙን ማንሣት ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90 በመቶ ያህል ይችላልን? ሸክም ይዞ ዳገትና ቁልቁለት ሲሄድ ያነክሳልን? የትናንቱ ሥራ ያመጣው ሕመም በማግሥቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ይመለሳልን? ታካሚው ራሱ እግሩን ያምነዋልን?

ለገበሬው የሚመለስበት ቅደም ተከተል በሥራው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በመጀመሪያ በደረቅና ለጥ ባለ መሬት መራመድ፤ ቀጥሎ ከብት መጠበቅና አረም፤ ከዚያ ቀላል ሸክም፤ በመጨረሻ በትልም ላይ እየረገጡ ማረስ ይሆናል። ውኃ በጀርባዋ ለምትቀዳ እናትም በግማሽ በተሞላ ጀሪካን መጀመር ተመሳሳይ ደረጃ ነው። ቤተሰቡን ወይም የወንፈሉን አባላት አስጠርቶ ማስረዳት ታካሚው ቀኑ ሳይደርስ እንዳይነሣ ያግዛል።

ማጠቃለያ

ለኃይሌ ሐኪሞች፣ አሠልጣኝና የአሥር ወራት ጊዜ ነበሩት። የጃቢ ጠህናን ወይም የቡሬ ገበሬ እነዚህ ሁሉ የሉትም፤ የጅማቱ አፈጣጠርና የመዳን ሕጉ ግን ያው ነው። አደገኛውን ጉዳት ከቀላሉ የሚለይ ሁለት እጅ፣ የጠበቀ ማሰሪያን በጊዜው የሚፈታ ንቃት፣ በድንጋይ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ልምምድና በደረጃ የመመለስ ምክር በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሰጡ የሚችሉ ናቸው። እነዚህን በአግባቡ የሚሰጥ ባለሙያ የአንድን ሰው እግር፣ ከእግሩም ጋር የአንድን ቤተሰብ የዓመት ጉርስ ያድናል።